«ይናገራል ወይ?» ተብሎ ስለተጠየቀው ሕፃንና በመርከቡ ገንዳ ዳር ስለደረሰው ጉዳት

የምስክሩ ስም፦ መልከጸዴቅ ሙሉአለም
ዕድሜ፦ 69
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የአማርኛ መምህር
አድራሻ፦ ቡሪየን፣ ዋሽንግተን
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ሲያትል፣ የወደቡ ፖሊስ ቢሮ፤ እሑድ ጁላይ 21 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ኦፊሰር ዘሪቱ አማረ
ቋንቋ፦ አማርኛ
ጉዳዩ፦ ባለፈው እሑድ በመርከብ ላይ በገንዳ ጠባቂው በአቶ ዳኒሎ ላይ የደረሰ የአካል ጉዳት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። የሐሰት ቃል መስጠት በሕግ እንደሚያስጠይቀኝ ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። የማውቀውን እንደሚከተለው እናገራለሁ።

ተጠርጣሪውን አቶ ፋኑኤል ሀብተ ጊዮርጊስን ከአራት ዓመት ወዲህ አውቀዋለሁ። በቡሪየን አንድ ሕንፃ ውስጥ በር ለበር እንኖራለን። ሥራው በአየር ማረፊያው ሻንጣ መጫን ነው። ባለቤቱ ሳሌም ትባላለች። ልጃቸው ኪዳነ ወልድ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ኪዱ እንለዋለን። የፋኑኤል እናት ወይዘሮ ሠርካለም ባለፈው ዓመት ከደብረ ብርሃን መጥተው ከእነርሱ ጋር ይኖራሉ፤ እንግሊዝኛ አይችሉም። ከቤተሰቡ ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። ጉርብትና ግን አለኝ፤ ይህም ይጻፍልኝ ብዬ የተጻፈ ነው።

በመርከብ ወደ አላስካ ሄዶ የመመለሱን ሐሳብ ያመጣው ፋኑኤል ነው። የሰኔ ጾም እንደተፈታ እንዲሆን ቀኑን የመረጥሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አብሬያቸው እንድሄድ ሲጋብዘኝ «ጋሼ፣ እኛ ዞር ስንል እማዬ ብቻዋን እንዳትሆን ነው። አፍ ይሁኗት፤ ሌላ ምንም አንጠይቅዎትም» ብሎኝ ነበር። እሺ አልሁት። ስለዚህ በጉዞው ላይ የእኔ ድርሻ ማስተርጎም ብቻ ነበር።

ባለፈው እሑድ መርከቡ ከሲያትል ወደብ የለቀቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሻንጣዎቹ ወደ ክፍላችን ስላልደረሱ ፋኑኤልና ሳሌም ሊፈልጉ ወረዱ። ሳሌም ከመውረዷ በፊት ኪዱን የዋና ቁምጣ አልብሳው ነበር። ከቁምጣው ሥር የዋና ዳይፐር እንዳለ እኔ አላወቅሁም። ቁምጣው ሰፊና እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ስለነበረ ከውጭ አይታይም። ሳሌም በኋላ እንደነገረችኝ፣ ለዋና ተብሎ የሚሸጥ ዳይፐር የሚከለከልበት መዋኛ ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ወይዘሮ ሠርካለም፣ ኪዱና እኔ ወደ መዋኛ ገንዳው ወጣን። በመግቢያው ላይ የገንዳው ደንብ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ዳይፐር የሚያደርጉ ሕፃናት፣ የዋና ዳይፐርም ቢሆን፣ ወደ ገንዳው እንዳይገቡ፤ ለእነርሱ ውሃ ከወለሉ እየፈነጠቀ የሚወርድበት ሌላ ቦታ መዘጋጀቱን፤ በገንዳው ውስጥ ሕፃን ሽንት ወይም ሰገራ ካመለጠው ገንዳው ተዘግቶ ውሃው እንደሚታከም ይላል። ያነበብሁትን ለወይዘሮ ሠርካለም አልተረጎምሁላቸውም። እርሳቸው ልጁን እያባበሉ ስለነበረ ኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው።

በዚህ መካከል የገንዳው ጠባቂ ወደ እኛ መጣ። ዕድሜው አርባ ዓመት የሚሆን የፊሊፒንስ ሰው ነው። ደረቱ ላይ ዳኒሎ የሚል ስም ለጥፏል። ሕፃኑ ዳይፐር ትቶ መጸዳጃ ቤት መጠቀም ለምዶ እንደሆነ በእንግሊዝኛ በትሕትና ጠየቀኝ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ተረድቼዋለሁም።

በእኛ አነጋገር ይህ የሚጠየቀው «ሽንቱን ይናገራል ወይ?» ተብሎ ነው። ነገር ግን ከአጠገባችን ባሉት ወንበሮች ላይ የማናውቃቸው ሐበሾች፣ አንዲት እናትና ልጃቸው፣ ተቀምጠው ይሰሙናል። ወይዘሮ ሠርካለምም የማከብራቸው ሴት ናቸው። ቃሉን በሰው ፊት ማውጣት ከበደኝና «ይናገራል ወይ?» ብቻ አልኋቸው።

ወይዘሮ ሠርካለም ደስ ብሏቸው «ይናገራል እንጂ መምህር! ይኼ ደግሞ መች ዝም ይላል፤ በሁለት ቋንቋ ነው የሚለፈልፈው» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ ሽንቱን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጠራል ማለታቸው መሰለኝ። መልሱ ከጥያቄዬ ጋር እንደማይሄድ በዚያች ሰዓት ማስተዋል ነበረብኝ፤ አላስተዋልሁም። ለዳኒሎ አዎ፣ ለምዷል አልሁት። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ደገመልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ አልሁት። ይህ ለጥያቄው መልስ አልነበረም፤ እርሱ ግን እንደ መልስ ተቀብሎ መግባት መፈቀዱን የሚያሳይ አረንጓዴ ማሰሪያ ኪዱ እጅ ላይ አሰረለት።

ስለ ሙያዬ ተጠይቄ የማስተምረው ሰዋስው እንደነበረ ተናግሬያለሁ። ተማሪ ተሳቢ የሚፈልግን ግስ ያለ ተሳቢ ጽፎ ሲያመጣ ከጎኑ በቀይ «ምኑን?» ብዬ እጽፍ ነበር። ለወይዘሮ ሠርካለም ያቀረብሁት ጥያቄ በተማሪ እጅ ተጽፎ ቢመጣልኝ ኖሮ ስሕተቱን ወዲያው አየው ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፋኑኤል በሌላ ደረጃ ወጥቶ መጣ። በዚያ በኩል ሰሌዳው አይታይም። የልጁን እጅ ሲያይ «ኦኬ ኪዱ፣ ባንድ አስረውልሃል፣ ሶ እንግባ» ብሎ ተሸክሞት ወደ ገንዳው ገባ። ዳኒሎ የጠየቀኝንም እኔ የመለስሁትንም አልነገርሁትም፤ እርሱም አልጠየቀኝም። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ሲጫወቱ ቆዩ። ወይዘሮ ሠርካለም ጫማቸውን አውልቀው ዳር ላይ ተቀምጠው «አጥብቀህ ያዘው፣ እንደ ሳሙና ነው» ይሉት ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆዩ ኪዱ አባቱ ትከሻ ላይ ሲወጣ ቁምጣው ዝቅ አለና ከሥሩ ያለው ዳይፐር ታየ። አንዲት ሴት ለዳኒሎ በጣቷ አሳየችው። ዳኒሎ ፊሽካ ነፍቶ ሰው ሁሉ ከገንዳው እንዲወጣ አዘዘ። ውሃው መቆሸሽ አለመቆሸሹን አላየሁም፤ ቆሸሸ ሲል የሰማሁትም ሰው የለም። ገንዳው ለዕለቱ መዘጋቱ ሲነገር ሰው አጉረመረመ። አብዛኛው ፋኑኤልን ያይ ነበር።

ፋኑኤል ልጁን ጠርዙ ላይ ሲያስቀምጠው ዳኒሎ የልጁን ክንድ ይዞ ከውሃው ዳር ወደ ኋላ ሳበው። ኪዱ «ዳዲ» እያለ አለቀሰ። ፋኑኤል ከውሃው ወጥቶ እጅህን ከልጄ ላይ አንሣ አለው። ዳኒሎ የልጁን ክንድ ለቀቀ። ይህ በትክክል እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ዳኒሎ ልጁን አልነካውም። ቀጥሎ ወደ ወይዘሮ ሠርካለምና ወደ እኔ እያመለከተ፣ ገንዳ ለመግባት ብላችሁ ዋሻችሁኝ አለ። ድምፁ ከፍ ያለ ነበር። ወይዘሮ ሠርካለም ጣቱ ወደ እርሳቸው መሆኑን አይተው «ምን እያለኝ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አልተረጎምሁላቸውም።

ፋኑኤል እናቱን አየ። ከዚያ በሁለት እጁ ዳኒሎን ደረቱ ላይ ገፋው። ዳኒሎ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ሲወድቅ የተደገፈበት የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ቅርብ ስለነበርሁ የሚከልለኝ ነገር አልነበረም። ፋኑኤል ራሱ ደንግጦ ሊያነሣው ጎንበስ ሲል የመርከቡ ጥበቃዎች ደርሰው ያዙት። ከዚያ በኋላ ወደ ገንዳው ደርብ እንዳይወጣ ተከለከለ። አብዛኛውን ቀን ከክፍሉ አይወጣም ነበር። ኪዱ በየቀኑ በመስታወቱ በኩል ገንዳውን እያየ ይጠይቃል። አያቱ ውሃው አሞታል ይሉታል።

ረቡዕ ዕለት ወይዘሮ ሠርካለም በመተላለፊያው ላይ አስቆሙኝና «መምህር፣ ሰውየው ያን ዕለት ምን ብሎ ነው የጠየቀዎት?» አሉኝ።

«ልጁ ዳይፐር ትቷል ወይ ነው ያለኝ» አልኋቸው።

«እርስዎ ግን እንደዚያ አላሉኝም። ይናገራል ወይ ነው ያሉኝ።»

«አዎን፣ ሽንቱን ማለቴ ነው።»

«እኔ እኮ አፉን ፈትቷል ወይ ያሉኝ መስሎኝ ነው ደስ ያለኝ። ምነው ሽንቱን ቢሉኝ? ሽንት ሲጠራ ሰምቼ የማላውቅ መሰልሁዎት እንዴ?» አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

በዚያው ቀን ወደ መርከቡ የጥበቃ ኃላፊ ሄጄ የሆነውን ነገርሁት። ስለ ጉዳዩ የጻፈው ሪፖርት ስለተዘጋ ለሲያትል ፖሊስ እንድናገር ነገረኝ። በማግሥቱ ዳኒሎን በሕክምና ክፍሉ አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። እጁ በጀሶ ታስሯል። በአንድ እጅ መሥራት ስለማይችል ከሲያትል ወደ አገሩ እንደሚመልሱት ነገረኝ። አልተቆጣኝም። ሁለት ጊዜ ጠይቄዎት ነበር እኮ፣ ብቻ ነው ያለኝ።

ዛሬ ጠዋት ከመርከብ ለመውረድ ተሰልፈን ሳለን ሳሌም ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ወለሉ እኮ እርጥብ ነበር። አዳለጠው ቢሉ ምናለበት? ፋኑ ከተቀጣ የኤርፖርቱን ባጅ ይወስዱበታል፤ ያለ ባጅ ደግሞ በሩንም አያልፍ» አለችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ፋኑኤል ሰምቶ «ተዪያቸው ሳሌም። ጋሼ፣ ያዩትን ይበሉ። ብቻ እማዬን ዋሸች እንዳይሏት» አለኝ። ሳሌም ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።

ቤተሰቡ ገንዳ ለመግባት ሆን ብሎ ዋሽቷል ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። አልዋሸም። ፋኑኤል ጥያቄ መቅረቡን አያውቅም ነበር። ሳሌም በቦታው አልነበረችም። ወይዘሮ ሠርካለም ለቀረበላቸው ጥያቄ እውነተኛ መልስ ሰጥተዋል፤ ልጁ በሁለት ቋንቋ ይናገራል። ለዳኒሎ የተሳሳተ መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ጥያቄውን ያጎደልሁትም እኔ ነኝ።

ዳኒሎ አዳልጦት ነው ወይ የወደቀው ተብዬም ተጠይቄያለሁ። ወለሉ እርጥብ ነበር። ሳይገፋ ግን አይወድቅም ነበር።

ኦፊሰር ዘሪቱ የጻፉትን ቀስ ብለው አነበቡልኝ። ስለ መግፋቱ የሚለው ላይ ሲደርሱ «በሁለት እጁ ገፋ አደረገ» የሚል ሰማሁና አስቆምኋቸው። ገፋ የሚደረገው በር ነው፤ እኔ ያየሁት እንደዚያ አይደለም። ደግሞም የገፋው ማንን እንደሆነ አልተጻፈም አልኋቸው። ኦፊሰሯ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው «አባባ፣ ይኼ ቃል ለጎረቤትዎ ምን እንደሚያመጣበት አውቀዋል?» አሉኝ። አውቄያለሁ። የፋኑኤል ልጅ ጠዋት ጠዋት በሬን የሚያንኳኳ ልጅ ነው፤ ከዛሬ በኋላ እንዲያንኳኳ ይፈቀድለት አይፈቀድለት አላውቅም። ቢሆንም አንድ ጊዜ ያጎደልሁት ቃል ያመጣውን ስላየሁ፣ ሁለተኛ ጎድሎ እንዲጻፍ አልፈቀድሁም። እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል።

ከላይ የሰፈረው በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት ነው። የጎደለው ተሞልቶ፣ የለዘበው ታርሞ ተነቦልኝ፣ እውነት ስለሆነ በፊርማዬ አጸናሁት።

የምስክሩ ፊርማ፦ መልከጸዴቅ ሙሉአለም

የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ኦፊሰር ዘሪቱ አማረ

ስለ እርማቱ፦ «ገፋ አደረገ» የሚለው ተሰርዞ «ዳኒሎን ደረቱ ላይ ገፋው» ተብሏል። እርማቱ የተደረገው በምስክሩ ጥያቄ ነው፤ ምስክሩ ከጎኑ ፈርመውበታል።