ቢቸና ገበያ ያወጣኋት ላም

በደርግ ጊዜ ነው፤ ቤታችሁን አፍርሳችሁ መንደር ግቡ ከተባልን በኋላ። ያለችኝን አንዲት ላም ልሸጥ ቢቸና ገበያ ይዣት ወጣሁ። ከሞጣ የመጣ አንድ ገበሬ ገመዷን ተቀብሎኝ ጎድኗን ዳበሰና፣ «ወንድሜ፣ ላም ነው ወይስ ቆዳ ይዘህ የመጣኸው? በሽታ አለባት?» አለኝ።

«የለባትም። ርሃብ ነው» አልሁት።

«ዘንድሮ እኮ ዝናቡ ደግ ነበር!»

«ዝናቡማ ደግ ነበር። ድሮ በረቷ ከጓሯችን ነበረ። እበት አዛባዋ መሬቱን ያጠግበዋል፣ በቆሎው ይፋፋል፤ እሸቱን እኛ፣ አገዳውን እሷ እንበላለን። አሁን እሷ መንደር ታድራለች፣ ጓሮው ወንዝ ማዶ ቀረ። ባለቤቴ አዛባውን በቅርጫት ላመላልስ ብላ ወገቧ ተቆረጠ። በቆሎው ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ አገዳ ከየት ይምጣ?»

 ሰውዬው ገመዱን እጄ ላይ መለሰልኝ። «እኛንም መንደር ሰብስበውናል» አለ። «ወስጄስ ምን ላበላት?»

ሌላ ገዥ አልመጣም። ይዣት ተመለስሁ። ባለቤቴ ከሩቅ አየችንና፣ «እሰይ! ሳትሸጣት መጣህ!» ብላ ሮጣ የላሟን አንገት አቀፈች። እኔ ማታ ምን እንደምንሰጣት አላውቅም ነበር።