ድስት ባዶውን አይሄድም

ውጭ አገር፣ ፕሌኖ ከተማ ስኖር ሚስተር ሮይ የሚባል ሽማግሌ ጎረቤት ነበረኝ። ጥይት ከየሱቁ የጠፋበት ሰሞን ነው፤ ሶ እሱ ጋራዡ በር ላይ በጋዝ ምድጃ እርሳስ እያቀለጠ የጠመንጃውን ጥይት ራሱ ይሠራል። ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ በመስኮት አየችውና፣ «ይሄ ምስኪን ደጅ ላይ ነው እንዴ የሚያበስለው?» ብላ በብረት ድስት ምስር ወጥ ላከችለት። በሳምንቱ ድስቱን አጥቦ፣ የኮክ ፍሬ ሞልቶበት መለሰው። «የጨዋ ልጅ ነው» አለች፣ «ዕቃ ባዶ አይመልስም።» ኮኩን ገልብጣ፣ ሽንኩርት ከትፋ ልትጥድ ስትል ጠርዙ ላይ የደረቀ ግራጫ ጠብታ አየሁ። ድስቱን ከእጇ ወስጄ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። «አዎ፣ ሁለቴ አቅልጬበታለሁ» አለኝ ሚስተር ሮይ፣ ምንም ሳይመስለው። «ግን በደንብ አጥቤዋለሁ።»

እርሳስ መርዝ እንደሆነ ለእናቴ ነገርኳት። ድስቱን ትንሽ አየት አደረገችና፣ «እንግዲያው ለሱ ይሁን፤ ውሰድለት» አለች። በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። «ባዶውን? ያንን የሚያቀልጠውን ነገር ሙላበት እንጂ።» የምሠራው ጎማ ቤት ነው፤ ጎማ ባላንስ ሲደረግ ከቸርኬው ጠርዝ የሚነቀሉ አሮጌ የእርሳስ ቁርጥራጮች ሞልተዋል። በማግስቱ ድስቱን እስከ አፉ ሞልቼ፣ በሁለት እጄ ተሸክሜ ወሰድኩለት። ሚስተር ሮይ ክዳኑን ከፍቶ አንዷን ቁራጭ በእጁ መዘናት። «ለእናትህ ንገርልኝ» አለ፣ «ከምስሩ ይሄ ይበልጣል።»

ለእናቴ «አመሰግናለሁ ብሏል» አልኳት።