የጠርሙሱ ቀሪ ግማሽ

የምስክር ቃል

የምስክሯ መጠሪያ፦ እታለም (በሥራ ቦታም በሰፈርም የሚታወቁበት)
ዕድሜ፦ 46 ዓመት
ሥራ፦ በልብስ ንጽሕና ቤት እድፍ አስለቃቂና ተኳሽ
አድራሻ፦ ከንጽሕና ቤቱ ጀርባ፣ ከታናሽ እህታቸው ጋር በሚኖሩበት ቤት
ከተጎጂዋ ጋር ያላቸው ዝምድና፦ አክስት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

እኔ መጠሪያዬና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ እንዲጻፍልኝ የጠየቅሁት አንድ ነገር አለ። የእህቴን ልጅ ፊት ካቃጠለው ፈሳሽ ግማሹ በሌላ ልጅ እጅ ይገኛል። ልጅቷ ማን እንደሆነች አላውቅም። መርማሪው በቅደም ተከተል እንድናገር ስላሳሰቡኝ በቅደም ተከተል እናገራለሁ፤ ነገር ግን ይቸኩሉልኝ ብያለሁ፤ መቸኮሌም ይጻፍ ብያለሁ።

የእህቴ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፊቷ ላይ ብጉር ይወጣባት ጀመር። ብጉር ያልወጣበት ጎረምሳ የት አለ? እኔም ላይ ወጥቶ ነበር፣ እናቷም ላይ ወጥቶ ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ሄደ። እሷ ግን እየነካካች፣ እያፈረጠች አጠቆረችው። ጉንጯና ግንባሯ ላይ ጥቋቁር ምልክት ቀረ። የክፍሏ ልጆች «እንጆሪ» የሚል ስም አወጡላት። ከዚያ ወዲህ ገበታ ስንቀርብ ፀጉሯን ፊቷ ላይ ደፍታ ነው የምትበላው። ፎቶም ስልኳ ቆዳዋን ካላለሰለሰላት በቀር አትነሳም። እናቷ የፊትሽን ነገር ተይና ትምህርትሽን ያዢ ስትላት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች።

ዝም ብዬ አላየኋትም። እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወስጃታለሁ። ሐኪሟ አገላብጣ አይታት፣ የሚድን ነገር ነው፣ ምልክቱም እየደበዘዘ ይሄዳል ብላ የሚቀባ መድኃኒት አዘዘችላት። ለውጡ ግን ከሁለት ሦስት ወር በፊት አይታይም፣ እስከዚያ አትነካኪው አለቻት። ሁለት ሦስት ወር ለእኔ ነገ ማለት ነው። ለእሷ የዕድሜ ልክ ፍርድ ሆነባት። ብዙም ሳትቆይ መድኃኒቱን ጥላ ስልኳ ውስጥ ያሉትን ቀማሚዎች ማዳመጥ ጀመረች። አንዷ በሎሚ እሺው ትላለች፣ አንዷ የጥርስ ሳሙና ለጥፊበት ትላለች፤ ሁሉም ፊታቸው እንደ ተላጠ እንቁላል፣ ሁሉም አዋቂ! አንድ ቀን ፊቷን በጥርስ ሳሙና ለቅልቃ ባገኛት፣ «ጥርስ ጉንጭሽ ላይ ልታበቅይ ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀች። ስትስቅ ሳይ ነገሩ ቀለል ያለላት መስሎኝ ነበር።

የፊታችን አርብ ትምህርት ቤቱ የክፍሉን የመሰነባበቻ ፎቶ ያነሳል። ፎቶው በትልቁ ታትሞ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የዛሬ አሥር ዓመት የተነሱትም እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ሸሚዝ እየተኮስኩ፣ እሷ እያጠፈችልኝ ሳለ፣ እኔ እዚያ ግድግዳ ላይ እንጆሪ ሆኜ አልቀርም አለችኝ። አነጋገሯ ረጋ ያለ ነበር። እኔን ሞኟን ደስ አለኝ፤ ተጽናናች ብዬ።

መርማሪው ፈሳሹ ምን እንደሆነ ጠይቀውኛል። የዝገት እድፍ ማስለቀቂያ ነው። የዛገ ቁልፍ ሸሚዝ ላይ የሚተወውን ቡናማ ምልክት የሚበላ ነው። ሥጋም ይበላል፤ ያለ ጓንት አንነካውም። ጀሪካኑ ኋላ ክፍል ተቆልፎበት ይቀመጣል። ለዕለት ሥራ የሚበቃውን በትንሽ ጠርሙስ ቀድተን ጠረጴዛው ላይ እናኖራለን። ልጅቷ ከትንሽነቷ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ስለምትውል ጠርሙሱን ከነሥራው ታውቀዋለች። ቅዳሜ ማምሻውን ጠርሙሱ ከጠረጴዛው ጠፋ። የንጽሕና ቤቱ ባለቤት ወደ ጀሪካኑ መልሶት ይሆናል ብዬ አልጠየቅሁም።

በእኛ ሥራ የማይታለፍ ደንብ አለ። ማስለቀቂያ እድፉን ከመንካቱ በፊት ሰው በማያየው ቦታ፣ በልብሱ የውስጥ ስፌት ላይ ይሞከራል። ጥቂት ይጠበቃል። ቀለሙ ካልሸሸና ክሩ ካልሳሳ ይቀጠላል። ይህን ሳላደርግ የነካሁት ልብስ የለም፤ አበላሽተሽብኛል የሚል ደንበኛ ካለ እዚሁ ፊት ለፊቴ ይምጣና ይናገር። መርማሪው ወደ ጉዳዩ እንድመለስ ነግረውኛል። ጉዳዩ ይኸው ነው ብያቸዋለሁ።

ትናንት ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ካውያ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከቤታችን ጩኸት ሰማሁ። የእሷ ድምፅ መሆኑን እንኳ አልለየሁም። ሮጬ ስገባ መታጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ ተንበርክካለች። ፊቷን በላስቲክ ሸፍና፣ በላዩ ላይ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ አድርጋበት ነበር። የሸሚዝ ኮሌታ ላይ የደረቀ እድፍ እንቢ ሲል እንዲያ ነው የምናደርገው። እኔ ሳደርግ እያየች ነው ያደገችው። ላስቲኩን ገፍፌ፣ አንገቷን ይዤ ከቧንቧው ሥር ከተትኳት። ውሃውን ባወረድኩባት ቁጥር ትጮኻለች፤ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። ቀኝ ዓይኗን መግለጥ አልቻለችም። እሷ ግን ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «አክስቴ፣ ሞክሬው ነበር እኮ! ትናንት ተረከዜ ላይ ሞክሬው ምንም አላለኝም!»

ተረከዝ! ወይ ልጄን! ሰው የማያየው ቦታ ስትፈልግ ተረከዟን አገኘች፤ የውስጥ ስፌት መሆኑ ነው። ጫማ ሲፈገፍገው የኖረ ቆዳ ምን ይሰማዋል? ሸሚዝ ከኮሌታው እስከ ጫፉ አንድ ጨርቅ ነው፤ ሰው ግን እንዲያ አይደለም። ይህን ለማንም መንገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር። እህቴ ሆስፒታል ደርሳ ልጇን እንዳየች «አንቺ ነሽ ያስተማርሻት» ብላኛለች።

የሌላዋን ልጅ ነገር የሰማሁት በመኪና ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ነው። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ሳለች፣ ግማሹን ለእሷ ሰጥቻታለሁ አለችኝ። ለማን ብዬ ጮኽኩባት። እንዳልናገር ምያለሁ አለች። ለመንኳት፣ ቆጣ አልኩባት፣ እናትሽን አስቢ አልኳት። ያገኘሁት መልስ «እሷም እንደኔ ነች፤ እሷንም ይሰድቧታል» የሚል ብቻ ነው። አቀባቡንም እንዳስረዳቻት ጨምራ ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ከንፈሯ ስላበጠ መናገር አልቻለችም፤ ሐኪሞቹም በመድኃኒት አስተኟት። ከነገ በፊት እንደማትነቃ፣ የቀኝ ዓይኗም ነገር ገና እንዳልለየለት ገልጸውልኛል።

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤቷ ሄጃለሁ። ዩኒት ሊደሩ ክፍሏ አስገብተውኝ የሆነውን ሁሉ ለልጆቹ ተናግሬያለሁ። ጠርሙሱ ያለሽ ልጅ፣ ማንም አይቆጣሽም፣ ጣይው ብቻ ብዬ ለምኛለሁ። እኔ ነኝ ያለች የለችም። ግን ያኔ ያየሁትን ልናገር፤ ከሴቶቹ ግማሽ ያህሉ፣ ከወንዶቹም ጥቂቶቹ፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያያሉ። ከእነዚህ ሁሉ መሐል የቷን ልያዝ? ከዚያ ክፍል ትሁን ከሌላ ትምህርት ቤት እንኳ አላውቅም። ዩኒት ሊደሩ በየክፍሉ እየዞሩ እንደሚያስጠነቅቁ ቃል ገብተውልኛል፤ እኔም በቀጥታ ወደዚህ ጣቢያ መጥቻለሁ።

መርማሪው በእጄ ያለ ማስረጃ ካለ እንዳቀርብ ስለጠየቁኝ፣ ሆስፒታሉ ከልብሷ ጋር ያስረከበኝን ስልኳን ጠረጴዛቸው ላይ አኑሬያለሁ። ስልኩ የሚከፈተው የባለቤቱን ፊት አይቶ ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ከመሄዴ በፊት ነርሷን አስፈቅጄ ፋሻ ወደተጠቀለለው ፊቷ አቅርቤው ነበር። አላወቃትም። በምትኩ የሚጠይቀውን ቁጥር የምታውቀው እሷ ብቻ ነች።

መርማሪው ይህን በመጻፍ ላይ ሳሉ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። መስታወቱ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ሁለታችንም አንብበነዋል። የላኪዋ ስልክ ቁጥር አይታይም፤ የተመዘገበችው «ሚስጥሬ» ተብላ ነው። ጽሑፉ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «አንቺ የት ጠፋሽ? ተረከዜ ላይ ሞከርኩት፣ ምንም አላለኝም። እማዬ ሳትመጣ አሁን ልቀባው ነው። ስንት ደቂቃ ላቆየው?»

አትቀቢ ብለን ለመመለስ ነካነው። ስልኩ ፊቷን ጠየቀ።

የተናገርኩት በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። ቃሌ ተነብቦልኝ እንድፈርም ተነግሮኝ ነበር፤ አሁን የሚነበብበት ጊዜ አይደለም ብዬ ሳይነበብልኝ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ የመልእክቱን ላኪ ለማፈላለግ ለተረኛው ኃላፊ በቃል ሪፖርት አድርጌያለሁ። ምስክሯ ፈርመው ከወንበራቸው ሳይነሱ በዚያው ስልክ ላይ ሁለተኛ መልእክት ገብቷል። ይዘቱም፦ «እሺ ቀባሁት። ትንሽ ያቃጥላል። እንዲህ ነው አይደል?»