ስለ አማችዎ ጥሩ ጥሩውን ብቻ

እትዬ እናናዬ፣ እንዴት ዋሉ? አይነሱ፣ እዚሁ እቀመጣለሁ። ከእኛ ሰፈር ከሊንደን እስከዚህ እስከ ብሌንደን ታውንሺፕ በአውቶቡስ እንዲህ ሩቅ አይመስለኝም ነበር። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል፤ ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄዋለሁ። ምንጣፍዎ ነጭ ነው... ነጭ ነገር ደስ ይላል፣ እስኪረገጥ ድረስ። መጋረጃውንስ መቼ ቀየሩት? ለሽማግሌዎቹ ብለው ነው አይደል?

ሰማሁ እኮ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ እፀገነት ነገረችኝ። ለልጅዎ ለሔርሞን ሽማግሌ ተልኮ፣ እርስዎም እሺ ብለው፣ ሠርጉ ለጁን ተቆርጧል አለችኝ። እንኳን ደስ ያለዎት። እርስዎ ከዲሲ ከመጡ ገና ስምንት ወርዎ ነው፤ አማችዎን የሚያውቁት በመዝሙር ሰዓት እጁን ሲያነሳ ነው። እኔ ግን ቀድሜ አውቀዋለሁ። የሰውን መልካምነት እያወቁ ዝም ማለት ደግሞ ደስ አይልም... ስለዚህ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ልነግርዎት መጣሁ።

ስሙን እንኳ አልጠራም፤ መወደስ አይወድም። ትሑት ነው። ፎቶውን በሰሌዳ አድርጎ በየሰው ሣር ላይ የሚተክለው ሥራው ሆኖበት ነው። ቤት ሻጭ ፊቱን ካላሳየ ማን ያምነዋል? ጥርሱም ያምርለታል።

ጋሽ ያደታን አይተዋቸው ያውቃሉ? ከኋላ ወንበር ምርኩዝ ይዘው የሚቀመጡት ሽማግሌ። አጎቱ ናቸው፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም። ከካርቱም ስፖንሰር አድርገው ያመጡት እሳቸው፣ ኮሌጅ ያስገቡት እሳቸው፣ መኪና ያስለመዱት እሳቸው። አሥራ አራት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ሊንደን ላይ ትንሽ ቤት ገዙ። ከቤቱ ጎን ያለውንም ባዶ መሬት ጨመሩበት። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ድንች ተከሉ። ከቤተ ክርስቲያናችን ከዚያ ጎመን ያልበላ ማን አለ? ቅዳሜ ቅዳሜ በፕላስቲክ ከረጢት እየሞሉ በየቤታችን ያደርሱ ነበር። እንግዲህ ያስቡት... ከተማው በየቀኑ እየሰፋ፣ ሰው መሬት እያለ እየተራኮተ፣ ጎመን? ይህ ብክነት የታየው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ለአማችዎ። አርቆ አሳቢ ነው።

ካቻምና፣ በናይንቲ ሲክስ፣ ጁላይ ላይ ጋሽ ያደታ ከበረንዳቸው ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ተደረጉ፤ ከዚያ ዎርዝንግተን ውስጥ መራመድ የሚያለማምዱበት ቦታ አስገቧቸው። የቤቱን መብራትና ውሃ ማን ይከታተል? ስለዚህ አልጋቸው ላይ እንዳሉ የወንድማቸውን ልጅ ወኪል የሚያደርገውን ወረቀት ሳይን አደረጉለት። አነበቡት? ለምን ያነባሉ? ያሳደጉት ልጅ እኮ ነው። የሪል ስቴት ላይሰንሱን ያገኘውም በዚያው ሳምንት ነው። አዲስ ላይሰንስ፣ አዲስ ውክልና... ነገር ሲገጣጠም እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን ነው ያወጣው። ቅዳሜ ጠዋት ያርድ ሴል አደረገ፤ ሁሉንም ሣሩ ላይ ዘርግቶ፣ እያንዳንዱ ላይ ዋጋ ለጥፎ። ሥርዓቱን ቢያዩት። ድስት ከድስት፣ ሹካ ከሹካ፣ የሰውየው ካልሲ ሳይቀር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተጣጥፏል። ምን ሆኖ ነው ብለን ብንጠይቀው ሐኪሙ ከእንግዲህ አይራመዱም ብሏል፣ ነርሲንግ ሆም፣ የሽማግሌ መጦሪያ፣ መግባታቸው ነው፣ ዕቃው ምን ይሠራላቸዋል አለን። ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። በአንድ እጁ እንባውን እየጠረገ በሌላው የገንዘብ መልስ ይሰጣል... ስንት ሰው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይችላል?

እኔም ገዝቻለሁ፤ አልዋሽዎትም። ያንን ወደ ኋላ የሚተኛ ቡናማ ወንበር ነው የገዛሁት። ወገቤን ያመኛል፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር፣ ጋሽ ያደታም ቢሆኑ... ብቻ ገዛሁ። ሄጄ እሳቸውን መጠየቅ አይከብደኝም ነበር፤ ዎርዝንግተን እዚሁ ቅርብ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ግማሹ ሰው ገዝቷል፤ ግማሹም አልጠየቀም።

ቀጥሎ መሬቱ ሄደ። የገዛው ጎማ የሚቀይር ሰው ነው። ጎመኑ ገና አልተለቀመም ነበር፤ አስፋልቱን ከላዩ አፈሰሱበት። እሁድ ዕለት አማችዎ መድረክ ላይ ወጥቶ ምስክርነት ሰጠ። ጌታ በር ከፈተልኝ፣ የመጀመሪያ ሽያጬን ባረከልኝ አለ። እኛም እልል አልን። በሩ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም... በእልልታ መሃል ይጠየቃል እንዴ?

ጋሽ ያደታ ግን ግትር ሰው ናቸው። ያ ሁሉ ታስቦላቸው፣ ልጁ ያን ያህል ደክሞላቸው፣ ተራመዱበት። ኦክቶበር ላይ አንድ ቀን ልጁን ከሥራው አላስተጓጉልም ብለው፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ የሚደገፉበትን ብረት ይዘው በክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ቤታቸው መጡ። ደጃቸው ላይ ማን ተቀበላቸው ይመስልዎታል? እሱው ነዋ። ፎቶው። «የሚሸጥ ቤት» ከሚለው ሰሌዳ ላይ፣ ከነጥርሱ። ዘመድ ማለት እንዲህ ነው፤ በሌለበት እንኳ ቆሞ ይቀበላል።

የበሩ ቁልፍ ተቀይሯል። በመስኮት ሲያዩ ቤቱ ባዶ ነው፣ ግድግዳው እንደ አዲስ ተቀብቷል። ጎን ያለውን መሬት ሲያዩ አስፋልት ነው። ሁለት መንገድ ተሻግረው ወደ እኔ መጡ። በሩን ስከፍት ሰውየውን ላብ አጥምቋቸዋል። ይግቡ አልኩ። የት ይቀመጡ? ሳሎኔ ውስጥ ለታመመ ሰው የሚሆን ወንበር አንድ ነው... እሱ ነው።

ተቀመጡ። እጃቸው የወንበሩን ማስተኛ ሳይፈልግ አገኘው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀስ ብለው፣ «ወሰንየለሽ፣ እግር ማንሻው ይነክሳል፤ ጣትሽን ጠብቂ» አሉኝ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ጠጡ።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የቤቱ ሽያጭ ገና አላለቀም ነበርና ቆመ፤ ውክልናውም ተሰረዘ። መሬቱ ግን አንዴ ሄዷል። አማችዎ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። እንዴት ያለ ይቅርታ መሰለዎት፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አለቀሱ። ለአጎቴ ብዬ ነው፣ የመሬቱን ገንዘብ ለነርሲንግ ሆማቸው አስቀምጬላቸዋለሁ አለ። የት አስቀመጥከው ያለው ሰው የለም፤ ሰው እያለቀሰ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? መኪናውን የለወጠው በዚያው ወር ነው... ያስፈልገዋላ። ቤት ሊያይ የመጣ ሰው በአሮጌ መኪና ይጫናል?

ጋሽ ያደታ ፖሊስ አልጠሩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ያን ባለመሳቢያ ቁም ሣጥን ማን ገዛው?»

ፒክአፕ የያዘ ሰውዬ ነው፣ አላውቀውም አላቸው።

«መሳቢያውን ከፍተኸው ነበር?»

ባዶ መስሎኝ አለ። ባዶ አልነበረም። የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ እዚያ ነበረች፤ ካርቱም ሲጋቡ የተነሱት፣ ሌላ የሌላቸው። ጋሽ ያደታ መልሱን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አንስተው ደፉና ወጡ። አይፈረድበትም እኮ። ካልሲ ጥንድ ጥንድ ሲያደርግ የዋለ ሰው መሳቢያ ለመክፈት ጊዜ ከየት ያመጣል?

እኛ ዕቃውን መለስን። በቀጣዩ እሁድ ከአምልኮ በኋላ አልጋውም፣ ድስቱም፣ ምንጣፉም በየቫኑ ተጭኖ ገባ። አንዳችን የአንዳችንን ዓይን አላየንም። እኔም ወንበሬን... ወንበራቸውን አደረስኩ። አማችዎም ባዶ እጁን አልመጣም። በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ሪባን የታሰረ ነገር አበረከተላቸው። ሲፈቱት የራሳቸው የግድግዳ ሰዓት ነው። ገዢ አጥቶ ቀርቶበት ይሆናል። ጋሽ ያደታ አመስግነው ተቀበሉት፤ ምስማር ፈልገው ሰቀሉት። ፎቶግራፏን ግን እስከ ዛሬ ይፈልጋሉ። ያርድ ሴል ባዩ ቁጥር ከአውቶቡስ ወርደው የሰው መሳቢያ ይከፍታሉ። ሰዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ሲጠይቋቸው ምንም ይላሉ።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን አወራሁ? ሔርሞን ዕድለኛ ናት ለማለት ነው። ቀልጣፋ ነው፣ ለሰው ያስባል፣ ሰውየው ራሱ ሳያስብ ቀድሞ ያስብለታል። ለእርስዎም እንደዚያው ሆኖልዎታል አሉ። ጉልበትዎ በማርች ኦፕራሲዮን ይደረጋል አይደል? እስኪድኑ የቤቱን ነገር እኔ ልያዝልዎ ብሎ ወረቀት አምጥቶልዎታል ሲባል ሰማሁ። ገና ሠርጉ ሳይደርስ... ስንቱ አማች እንዲህ ይቸኩላል? እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው እንዴ? አይ፣ አላየሁትም፤ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ብዕሩንም ትቶልዎት ነው የሄደው? ምን ያላሰበው ነገር አለ።

በሉ ልነሳ፤ አውቶቡሱ ካመለጠኝ አንድ ሰዓት መቆሜ ነው። ደህና ይሁኑ። ጌታ ትዳራቸውን ይባርክ፣ በልጅ በልጅ ልጅ ያድርግልዎት። እርስዎንም ከሐኪም ቤት በእግርዎ ይመልስዎት። እርጅናዎን ባዕድ አይያዘው፤ በእሱ በአማችዎ እጅ ያድርግልዎት። አጎቱን እንደጦረ፣ ምንም ሳያጎድል፣ እርስዎንም ይጡርዎት... አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ እናናዬ።