ሰማንያ ሦስት ከሰማንያ አራት፦ የአቶ ክላረንስ ሃርግሪቭስ ዜና ሕይወት

ቁጥሩ ሰማንያ አራት ነበር። ከዳርዌን ተነስቶ በቦልተን በኩል ማንቸስተር ድረስ ሠራተኛ በሚያመላልሰው ባቡር መስመር ላይ ከ201 እስከ 284 ቁጥር የተሰጣቸው ሰማንያ አራት ፉርጎዎች ነበሩ፤ ሁሉንም ቀድሞ ተሳፍሮ የጨረሰ ሰው፣ እኛ የሐሙስ ተሳፋሪዎች ከምንከበው ጠረጴዛ አጠገብ ያለውን፣ ፊቱን ወደ ጉዞው ያዞረውን የመስኮት ወንበር ዕድሜ ልኩን እንዲይዝ ተስማምተን ነበር። ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ ክላረንስ ሃርግሪቭስ ለዚያ ወንበር አሥራ አራት ዓመት ደክመዋል። እኔም ደክሜያለሁ። የባለቤታቸው የወይዘሮ ዊኒፍሬድ ታላቅ ወንድም ኸርበርት ፒሊንግ ነኝ፤ ቤተሰቡ ይህን እንዳነብ የመረጠኝ ቁጥሮቹ በእጄ ስላሉ ነው።

አቶ ክላረንስ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በመጋቢት ወር፣ ከሸማኔው ከአባታቸው ከአቶ አልበርት ሃርግሪቭስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኔሊ፣ ጓሮው ከሐዲዱ አሥራ አንድ እርምጃ ብቻ በሚርቅ ቤት ዳርዌን ውስጥ ተወለዱ። እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው በሰፈራቸው ትምህርት ቤት የተማሩ ሲሆን፣ በሒሳብ ከክፍሉ መካከለኛ ነበሩ፤ በሳምንቱ በጓሯቸው ያለፉትን ባቡሮች ቁጥር ግን አንድም ሳይስቱ በቃላቸው ይወጡት ነበር። ከዚያም በግድግዳ ወረቀት ፋብሪካ ተቀጥረው፣ የአንዱ ጥቅል አበባ ከሌላው ጥቅል አበባ ጋር በትክክል መግጠሙን እየመረመሩ ሃምሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል። በእነዚያው ዓመታት እኔ ሴራሚክ በእጅ ጋሪ ከመሸጥ ተነስቼ ሦስት ሱቅ አቁሜያለሁ። ነገር ግን ሁለታችን አንድ ላይ ወደ አንድ ቤት ስንገባ፣ ሰዎች ወንበር የሚስቡት ለእርሳቸው ነበር።

እህቴን ዊኒፍሬድን በዚህችው ቤተ ክርስቲያን፣ ስድሳ ሁለት እንግዶች በተገኙበት አገቡ። ሙሽሪት በሠርጓ ማግስት ሰባት ባቡር መቀያየሯን እስከ ዛሬ ታነሣዋለች፤ ቅሬታ ይሁን ኩራት ግን ለይቼ አላውቅም። አለንንና ጁዲትን ወልደው፣ አስተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ጡረታ በወጡ ጊዜ ከእኔና ከሦስት ወዳጆቻችን ጋር ሆነው የሐሙስ ተሳፋሪዎችን መሠረቱ፤ ሕጉን የጻፉትም እርሳቸው ናቸው። አንድ ፉርጎ ተሳፈርኩበት ለማለት መንኮራኩሩ ከመዞሩ በፊት መቀመጥ፣ እስከሚቀጥለው ጣቢያ መጓዝ፣ ከውስጥ ከበሩ በላይ የተጻፈውን ቁጥር በገዛ ዓይን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ በደብተር ላይ ከቁጥሩ ሥር በማስመሪያ ቀይ መስመር ይሰመራል። ባቡሩ ሁለት ሁለት ፉርጎ ነው፤ በግንባሩ ላይ ያለው የባቡሩ ተራ ቁጥር ግን አይቆጠርም፤ ጥገና ቤቱ አንዱን ፉርጎ ፈትቶ ሌላ ሲቀጥል የግንባሩ ቁጥር አይለወጥምና። በየሐሙሱ ገና ሳንቀመጥ «ስንት ደረስክ፣ አንተ ሴራሚክ ሻጭ?» ይሉኝ ነበር። የእኔ በአንድ ካነሰ ያን ቀን ለምሳ የያዝኩት ሥጋ የተሞላ ዳቦ አይወርድልኝም። የእርሳቸው ሲያንስ ደግሞ የእርሳቸውንም ጨምሬ እበላ ነበር።

ባለፈው ጸደይ እነዚህ ባቡሮች በዓመቱ መጨረሻ ከሥራ እንደሚወጡ ሲነገር፣ እርሳቸው ሰማንያ ሦስት፣ እኔም ሰማንያ ሦስት ፉርጎ ደርሰን ነበር። ለሁለታችንም የቀረችው ያችው አንዷ፣ ዕድሜዋን በጥገና ቤት የጨረሰችው 217 ነበረች። ወዲያው የሳምባ ሕመም ጸናባቸው። በጥቅምት ወር አንድ ሐሙስ ግን እያቃሰቱ መጡና ከአጠገቤ ቆሙ።

«ተነስልኝ ኸርበርት፤ ወንበሩ የኔ ነው።»

«ምን ተገኘና?»

«217። ማክሰኞ፣ ከሐኪም ስመለስ።»

«ማን አየህ?»

«ሳምባዬ። እሱን ጠይቀው።»

ሦስቱ ወዳጆቻችን አጨበጨቡ። እህቴ ለዚያ ወንበር ብላ በሹራብ ክር የሠራችውን አረንጓዴ ትራስ ከቦርሳቸው አወጡ፤ ለካ ሠርታ ያስቀመጠችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ሐሙሶች ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀረሁ። ጉንፋን አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተሬን ሳገላብጥ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የጻፍኩት ይመስለኝ የነበረውን፣ ለካ በዚያው ማክሰኞ ቀትር ላይ ከጥገና ቤቱ አጠገብ ካለው ድልድይ ሆኜ የጻፍኩትን አገኘሁ፦ 217፣ መንኮራኩሯ ወልቆ፣ በክሪክ ተነስታ ቆማለች። ዓርብ ዕለት ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። እህቴ በር ከፈተችልኝ።

«በእጅህ ያለው ደብተር ነው?»

«ነው።»

«ሾርባ ቢሆን ይሻል ነበር» ብላ አሳለፈችኝ።

አቶ ክላረንስ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ግንባሩ ላይ ዘጠኝ ይላል» አሉ። «ዘጠኝ ከሆነ 217ና 218 ነው አልኩ። ተነስቼ የበሩን ላነብ ነበር፤ ትንፋሼ አልበቃኝም።»

«እኔ ምን ላድርግ ክላረንስ፤ ሕጉ ነው።»

«ሕጉ ነው። ሰርዘው።»

«ራስህ ሰርዘው እንጂ።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል። ማስመሪያ ያዝና በወጉ ሰርዘው።»

ሰረዝኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተመኘሁት ይህንን ስለነበር እጄ አላመነታም። እርሳቸውም ትራሱን ከወገባቸው ሥር መዝዘው ሰጡኝ። «ተጠግና ስትወጣ አንተ ትሳፈርባታለህ። ግን መጥተህ ሁሉንም ንገረኝ፤ የት እንደተቀመጥክ፣ ምን ምን እንደምትሸት። እኔም በተራዬ ድብን ብዬ ልቅና።»

ከዘጠኝ ቀን በኋላ እሑድ ጠዋት፣ እህቴ እጃቸውን እንደያዘች፣ በሰማንያ ዓመት ከስምንት ወራቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። 217 ከጥገና ቤት የወጣችው ትናንት ነው።

ስለዚህ ቃሌን እዚሁ እፈጽማለሁ። ትናንት ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ላይ ከዳርዌን ተሳፈርኩባት። በግራ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አዲስ ግራሶና እርጥብ ካፖርት ትሸታለች፤ ማሞቂያዋ ግራ እግሬን ሲያቃጥል ቀኝ እግሬ በብርድ ደርቋል። የበሩን ቁጥር ሦስት ጊዜ አነበብኩ። በሚቀጥለው ጣቢያ ወዳጆቻችን ገብተው አስነሱኝና በጠረጴዛው አጠገብ ያለውን የመስኮት ወንበር ሰጡኝ፤ ትራሱን አንጥፌ እስከ ቦልተን ተቀመጥኩበት። ስንት ደረስክ ያለኝ ሰው አልነበረም። ቦልተን ላይ ተነስቼ ወደ ድሮ ቦታዬ ተመለስኩ፤ ትራሱን ግን እዚያው ተውኩት።

አቶ ክላረንስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዊኒፍሬድን፣ ልጆቻቸውን አለንንና ጁዲትን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ሦስት የሐሙስ ወዳጆችን እና አንድ አማች ትተው አልፈዋል። የሁላችንን መንገድና ማረፊያ የሚያውቅ አምላክ፣ ትንፋሽ በማያጥርበት ስፍራ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለእህቴም መጽናናትን ይስጥልን።

ሒሳቡ ይኸው ነው። እርሳቸው ሰማንያ ሦስት፣ እኔ ሰማንያ አራት። ትርፌ አንድ ፉርጎ ነው፤ የጎደለብኝ ደግሞ በእርሷ ድብን ብሎ ሊቀናብኝ የሚችለው አንድ ሰው።