ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ አብራችሁ የመጣችሁ የትዳር ጓደኞችና ልጆች፦ ይህን ሁሉ ወንበር ከደንበኛ ማረፊያው አውጥታችሁ፣ የጎማ መግጠሚያውን ወለል በሳሙና አሽታችሁ ስለጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ይህ ወለል ነጭ መሆኑን በሠላሳ አንድ ዓመት ዛሬ ገና ማወቄ ነው።

ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉ አሞግሰውኛል። የተሰጠኝ የምስክር ወረቀትም «ያለ አንዳች ስህተት ያገለገሉ» ይላል። እሱ ሲነበብ አንገቴን ስደፋ ትሕትና መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም፤ አፍሬ ነው።

እንግዶች እንዳይቸገሩ ልንገራችሁ፤ እዚህ ቤት ስሜ ጋሽ ሜትር ነው። መኪናው ከበሩ ሲገባ አይቼ የጎማውን ቁጥር ስለምጠራ የወጣልኝ ስም ነው። ባለቤቴ ግን በዓይን ለክቼ የገዛሁት ምንጣፍ የሳሎኑን በር አላስዘጋ ካለ ወዲህ በዚህ ስም አትስማማም።

ድሮ አሠራራችን በቃል ነበር። እኔ ከፊት ሆኜ ቁጥሩን እጠራለሁ፤ ገጣሚው ከኋላ ቁጥሩን መልሶ ይጠራልኛል፣ ጎማውን ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ ይገጥማል። ገጣሚው ስላችሁ ግጥም የሚገጥም እንዳይመስላችሁ፤ ጎማ ነው የሚገጥመው። ያው እዚያ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ የተቀመጠው ነው። ግራውን የኮምፕሬሰሩ ጩኸት ከወሰደበት ቆይቷል።

ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት የጥርስ ሐኪም መጣች። መኪናዋ ባለሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ቆማ እንኳ የምትሮጥ የምትመስል ስፖርት መኪና ናት። የነበሯት ጎማዎች ለደረቅና ለሞቃት መንገድ የተሠሩ ናቸው፤ ብርድና ዝናብ ሲመጣ ይንሸራተቱባታል። ለበጋም ለክረምትም የሚሆን ጎማ ፈለገች። ጥሩ ጥያቄ ነው።

እኔ ደግሞ ጥያቄ ስወድ! ወዲያው ትምህርት ጀመርኩላት። የበጋ ጎማ ብርድ ሲነካው ይደርቃል፣ ለሁሉም ወቅት የሚሆነው ግን ለስላሳነቱን ይጠብቃል፣ ጥርሱም ውኃውን እየቆረጠ ያወጣል አልኳት። ቁጥሩንም አስረዳኋት፦ የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ፣ የመጨረሻው ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ ማለትም የቸርኬው ልክ በኢንች። እያወራሁ የፊቱን ጎማ ጎንበስ ብዬ አየሁና ጠራሁ፦ «አራት፣ ሁለት ሃያ አምስት በአርባ አምስት፣ አሥራ ስምንት!» አራቱም አንድ ልክ ማለቴ ነው።

የኋላውን አላየሁም። አንዳንድ ስፖርት መኪና የኋላ ጎማው ከፊቱ እንደሚሰፋ እኔ አላውቅም? የሞተሩ ጉልበት የሚያርፈው በኋላው ላይ እንደሆነ አጥቼው ነው? ለስንቱ አስተምሬዋለሁ። ወደ መኪናዋ ኋላ ለመሄድ አራት እርምጃ ነበር የሚፈጀው። ሐኪሟ በአድናቆት ታየኝ ነበርና ንግግሬን ማቋረጥ አልፈለግሁም። እሷም ወደ ማረፊያው ሄዳ ተቀመጠች።

ትንሽ ቆይቶ ገጣሚው እጁን እየጠረገ መጣ። ከሁለታችን በቀር የሰማ የለም።

«ጋሼ፣ የኋላው ቸርኬ ሰፊ ነው። ለሱ ሁለት ሃምሳ አምስት በአርባ አይሻልም?»

«ልኩን ለእኔ ተወው፤ አንተ ግጠም» አልኩት።

ገጠመ። የጎማዎቹ ቁመት ተቀራራቢ ስለሆነ ቆሞ ሲታይ አያስታውቅም። እኔም ያኔ እንኳ ሄጄ አላየሁም፤ ብሄድ እሱ ልክ ሊሆን ነዋ።

በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ሐኪሟ አደባባይ ስትዞር ጠባቡ የኋላ ጎማ መንገዱን አልጨብጥ ብሎ የመኪናው ኋላ ከድቷት ተሽከረከረችና ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ተጋጨች። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። የጥርስ ሐኪም ቀኝ እጅ! አራት ወር ሙሉ መሣሪያ አልያዘችም።

መኪናዋ ተጎትታ እዚህ ግቢ ስትገባ ሥራ አስኪያጃችን የኋላውን ጎማ አይተው ማን እንደተሳሳተ ጠየቁ። ገጣሚው አጠገቤ ቆሟል። ምን ብል ጥሩ ነው?

«እኔ የጠራሁት ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ብዬ ነው። ጆሮው… ያው ያውቁታል» አልኩ።

ይህን ብቻ ነው ያልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ግን ወለምታም አልነበረም፤ አስቤ ነው የተናገርኩት። ገጣሚው አንዴ አየኝና መሬት መሬት አየ። በሳምንቱ ከመግጠሚያው ማሽን ተነሥቶ ጎማ ተሸካሚ ሆነ። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር በቃል መጥራት ቀረ፤ የአራቱም ጎማ ልክ በየራሱ መስመር በወረቀት ይጻፋል። ጥሩ ወረቀት ነው፤ ስንቱን አድኗል። ግን ምን ብለን እንደምንጠራው ታውቃላችሁ። እንግዶች ፊት ለመናገር ያሳፍራል፤ ሆኖም ስድስት ዓመት ሙሉ ያላፈርኩትን ዛሬ ልፈር፦ «የደንቆሮ ወረቀት» እንለዋለን። ገጣሚውን ስናገኝም ሰላምታውን ሁለት ጊዜ እየጮኽን ተሳስቀናል። እኔም አብሬያችሁ ስቄያለሁ። እንዲያውም ከሁላችሁ በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

የጡረታ ደብዳቤዬ በደረሰኝ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባለፈው እሑድ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ከጓዳ በዝግታ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም ከሳሎን በዝግታ መለሰላት። እዚያ ቤት ማንም አይጮኽበትም። ቁጭ አልኩና ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። ይደነግጣል ብዬ ነበር።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለኝ። «በደንብ ነው የሰማሁዎት።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገርክም?»

«እርስዎ አልሰማም ካሉ በኋላ ማን ይሰማኛል?»

ይቅርታ ስለው ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። «ለእኔ ብቻ ከሆነ ምን ያደርግልኛል? ስሜን የወሰዱት በሰው ፊት ነው» አለኝ። ከዚያ በሩ ድረስ ሸኘኝ።

እና ስሙን ልመልስለት ነው የቆምኩት። ስሙኝ፤ ልጆቹም እዚህ ስላላችሁ ስሙኝ። አባታችሁ በትክክል ሰምቷል። ከመስማትም አልፎ አስጠንቅቆኛል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።

ለሐኪሟም ደውዬ ነግሬያታለሁ። እስከ መጨረሻው አዳምጣኝ ስልኩን ዘጋችብኝ። ትክክል ናት። ሥራ አስኪያጃችንም ዛሬ ጠዋት ከእኔ ሰምተዋል፤ ፊታቸው የጠቆረው በድግሱ አይደለም። ገጣሚውን ወደ ማሽኑ ይመልሱት ብዬ ለምኛቸዋለሁ፤ «በቅድሚያ ተናገርና እናያለን» ብለውኛል። ይኸው ተናገርኩ። የምስክር ወረቀቱንም ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ፤ የተጻፈበት ውሸት ነው።

እናንተን ልመርቅና ልውረድ፤ የእኔን ምርቃት የሚቀበል ካለ። አምላክ እጃችሁን ከማሽን፣ ደንበኞቻችሁን ከመንገድ አደጋ ይጠብቅ። ጎንበስ የሚል ጉልበት፣ «ተሳስቻለሁ» የሚል አንደበት ይስጣችሁ። እውነት ስትናገሩ የሚያምናችሁ ሰው አያሳጣችሁ። ጡረታ ስትወጡም ደረታችሁን ነፍታችሁ የምትቆሙ ያድርጋችሁ።

እንዳታጨበጭቡ፣ አደራ። አሁን ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄጄ እጄን ልዘረጋለት ነው። ባይጨብጠኝ እንዳትፈርዱበት።