ጳጉሜን የመለሱልን ሰዎች

ይኸውላችሁ፣ የኦክላንዱን ቸርቻችንን ዌብሳይት የምይዘው እኔ ነኝ። የተሠራው በጎ ፈቃደኞች ጽፈው ለማንም በነፃ በለቀቁት ሶፍትዌር ነው። ታዲያ የዓመት መዝጊያ የምስጋና ፕሮግራማችንን ጳጉሜ ላይ ሳስገባው ድራሹ ጠፋ! ለካ ካሌንደሩ ከነሐሴ ዘሎ መስከረም ይገባል። ስልኬ አላስቀምጥ አለኝ፤ «ፕሮግራሙ ካንስል ሆነ እንዴ?» ይለኛል የደወለ ሁሉ። በንዴት ላፕቶፔን ይዤ የሶፍትዌሩ ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት ወደ ሳን ሆዜ ነዳሁና፣ «ወራችንን በላችሁብን!» አልኳቸው። አንዷ ወንበር ሳበችልኝ፤ ተቀምጬ ስለ ጳጉሜ ነገርኳት። «አምስት ቀን ብቻ ያለው ወር? ኪራይ ይከፈልበታል?» ስትለኝ ሳላስበው ሳቅኩ። «ካሌንደራችሁን እኛ አናውቀውም፤ አንተ ንገረን፣ አብረን እንሠራዋለን» አለች። ሌሎቹም መጥተው ከበቡኝ። እኔ ሳስረዳ እነሱ ሲጽፉ፣ ሲበላሽብን እንደገና ስንሞክር፣ በመጨረሻ ጳጉሜ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። አጨበጨቡ! ለእኛ ወር!

እሑድ ለቸርቹ ሽማግሌ ለጋሽ ታደሰ አሳየኋቸው። «ማን ሠራው?» አሉኝ። «ሳን ሆዜ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ያውም በነፃ» አልኳቸው። «ሀበሾች ናቸው?» «ኧረ ከመሃላቸው አንድም ሀበሻ የለም!» «ታዲያ ምን አገባቸው?» አሉ ግራ ገብቷቸው። ሊጸልዩ ማይኩን ሲይዙ ግን፣ «ጌታ ሆይ፣ ሳያገባቸው ገብተው ወራችንን የመለሱልንን ሰዎች ባርክ» አሉ። የእኔን አሜን ሳን ሆዜ ድረስ ሳይሰሙት አይቀሩም።